እንጦጦ ስንወጣ ምን ልብ እንበል? ስለ ተራራ ጉዞና ከተራራ ስለሚለቀም ምግብ

ባለፈው ሐምሌ አንድ እሑድ ጠዋት አምስት ሆነን ከአራት ኪሎ ተነሳን። በታክሲ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ በእግር ወደ እንጦጦ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። የለበስነውም ፒያሳ ቡና ልንጠጣ እንደምንወጣ ነው፤ ጂንስ፣ ሸራ ጫማ፣ ስስ ሹራብ።

ወደ 8 ሰዓት ገደማ ጉሙ መጣ። ከጉሙ በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁላችንም በስብሰናል። ከመካከላችን አንዷ መጀመሪያ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ከዚያ ዝም አለች። ደክሟት ነው ብለን አለፍነው። ልብ ያሏት የቅጠል ሸክም ይዘው ቁልቁል ሲወርዱ የነበሩ አንዲት እናት ናቸው። ቆም ብለው ፊቷን አዩና «ልጆቼ፣ ይቺን ልጅ ቶሎ አውርዷት፤ ብርድ ገብቷታል፤ አፏ ተሳስሯል እኮ» አሉን። ሸክማቸውን አስቀምጠው ከነጠላቸው ሥር የያዙትን ደረቅ ፎጣ አንገቷ ላይ ጠመጠሙላት።

አብረናቸው ስንወርድ ደግሞ ሌላው ጓደኛችን ከአጥር ላይ ቀላ ቀላ ያለ የፍሬ ዘለላ ቀጠፈ። እንጆሪ መስሎት ነው። እናትየው ዞር ብለው ሳይጨርሱ «ጣለው! እንዶድ ነው!» አሉት።

በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አተረፉን። ሁለቱንም ያዩት በዓይናቸው ብቻ ነው። እኛ ስልክ ነበረን፣ ካርታ ነበረን፣ ትምህርት ነበረን፤ የተራራው ዕውቀት ግን አልነበረንም። ከዚያ ቀን ወዲህ ያነበብኩትንና ከሚያውቁ ሰዎች የሰማሁትን እንዲህ በቀላሉ ላስረዳ፤ ምክንያቱም አሁን ቅዳሜና እሑድ ተራራ የሚወጣው የከተማ ሰው ብዙ ነው።

አዲስ አበባ ራሷ ከፍታ ላይ አይደለች እንዴ?

ናት። መሃል ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ነው። የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ልጅ እንጦጦ ከከፍታ አንጻር ብዙም አያስፈራም፤ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል እንጂ ሰውነቱ በከፊል ለምዶታል።

ግን ለምን ትንፋሽ ያጥራል? ብዙ ሰው «ላይ ኦክስጅን የለም» ይላል። እንደዚያ አይደለም። የኦክስጅን ድርሻ ታችም ላይም ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀየረው አየሩ ነው፤ ከፍ ባልን ቁጥር ይሳሳል። አንድ ትንፋሽ አንድ ሚኒባስ፣ ተሳፋሪው ደግሞ ኦክስጅን ነው ብላችሁ አስቡት። በባሕር ጠለል ላይ፣ ጅቡቲ በሉት፣ ታክሲው 12 ሰው ሞልቶ ይነሳል። መስቀል አደባባይ ላይ 9 ሰው ይዞ ይነሳል። እንጦጦ ጫፍ ላይ 8። ራስ ዳሸን ጫፍ፣ 4,550 ሜትር ገደማ ላይ፣ 7 ሰው ብቻ። ያንኑ ያህል ሰው ለማድረስ ታክሲው ደጋግሞ መመላለስ አለበት። ቶሎ ቶሎ የምንተነፍሰውና ልባችን የሚመታው ለዚህ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሰሜን ተራራን ወይም ባሌን በልባችን ይዘን «እንጦጦ ስንት ጊዜ ወጥቻለሁ» ብለን ስንሄድ ነው። እንጦጦ ወጥተን እንወርዳለን። ሰሜን ላይ ግን እዚያው እናድራለን፤ ከማደሪያ ሰፈሮቹ ሳንቃ በር 3,250 ሜትር አካባቢ፣ ጨነቅ 3,600 አካባቢ ነው። የከፍታ ሕመም የሚባለው ሰውነት ለሳሳው አየር ሳይዘጋጅ ቶሎ ከፍ ሲል የሚመጣ ሕመም ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማዞር። ጎበዝ ስፖርተኛ መሆን አያድንም። ሐኪሞች የሚመክሩት ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳያሳድጉ ነው። ራሱን ያመመው ሰው እስኪሻለው ከዚያ በላይ አይውጣ። እንደ ሰከረ ሰው የሚንገዳገድ፣ ቁጭ ብሎም ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ነገር የሚቀላቀልበት ሰው ካለ ግን ወዲያው ወደ ታች ነው፤ ሌሊትም ቢሆን፣ ከሰው ጋር። ከመውረድ የሚበልጥ መድኃኒት የለም።

ብርድ እውነት ሰው ይገድላል?

ይገድላል። በረዶ አገር መሆንም አያስፈልግም።

በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ እንጦጦ ጫፍ ከመሃል ከተማ 5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። በዚያ ላይ ነፋስ አለ። በዚያ ላይ ዝናብ አለ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ ሰፍረው ሳሉ ብርዱና ነፋሱ ያስቸግር ነበር። ቤተ መንግሥቱ ወደ ታች፣ ወደ ፍልውሃው አካባቢ የወረደበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እንዲያ ነው። ከተማችን ከእንጦጦ ብርድ የሸሹ ሰዎች ከተማ ናት ማለት ይቻላል።

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሃይፖተርሚያ ይባላል። ምልክቱ በቅደም ተከተል ይመጣል። መጀመሪያ መንቀጥቀጥ። ቀጥሎ ጣት አልታዘዝ ይላል፤ ዚፕ መዝጋት ያቅታል። ከዚያ ምላስ ይተሳሰራል፣ እግር ይደናቀፋል፣ ሰውየው «ተዉኝ፣ ደህና ነኝ» ማለት ይጀምራል። መንቀጥቀጡ ካቆመ ደግሞ ተሻለው ማለት አይደለም፤ ሰውነቱ ተስፋ ቆርጦ ሙቀት ማመንጨቱን እየተወ ነው። እኛ ጓደኛችንን «ደክሟት ነው» ያልናት እዚህ ደረጃ ላይ ስትገባ ነው። አሁንም ሳስበው ያንዘፈዝፈኛል።

ምን ይደረግ? ከነፋስ ማስጠለል፣ እርጥቡን ልብስ አውልቆ ደረቅ ማልበስ፣ መሬቱ ላይ ቅጠልም ቦርሳም አንጥፎ ከዚያ ላይ ማስቀመጥ። ከነቃችና መዋጥ ከቻለች ሞቅ ያለ ስኳር የበዛበት ሻይ። አረቄ ግን በፍጹም። አረቄ የሚያሞቅ ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ውስጥ ያለውን ሙቀት ወደ ቆዳ አውጥቶ ለነፋስ መስጠት ነው።

ልብስ ላይ አንድ ነገር። ጂንስና የጥጥ ሹራብ ውኃ ይጠጣሉ፣ ይከብዳሉ፣ ሙቀት ይመጥጣሉ። ሱፍ ርሶም ቢሆን ያሞቃል። የመንዝና የአካባቢው ደገኛ ከበግ ፀጉር የተሠራ በርኖስ የሚደርበው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዝናቡን ከላይ ያንሸራትተዋል፣ ውስጡ ይሞቃል። የሱፍ ሹራብና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ ጠዋት ፀሐይ ቢሆንም።

ነጎድጓድ ስሰማ ዛፍ ሥር ልግባ?

አትግቡ። መብረቅ ከፍ ያለውንና ብቻውን የቆመውን ይፈልጋል፤ ዛፍ ሥር የቆመ ሰውም ከዛፉ ጋር ይመታል። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። 30 ሳትደርሱ ከነጎደ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ይህ ደግሞ ቅርብ ነው። ከሸንተረሩ ውረዱ፣ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። መጨረሻ ከሰማችሁት ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

በክረምት ዝናቡ የሚበዛው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጠዋት 1 ሰዓት ተነስቶ 6 ሰዓት ላይ መውረድ መጀመር ነው የሚሻለው። ወንዝ መሻገር ደግሞ ያታልላል። ቀበናና ቀጨኔ መነሻቸው እንጦጦ ነው፤ እናንተ የቆማችሁበት ሳይዘንብ ላይ ዘንቦ ደራሽ ሊመጣ ይችላል። የወንዙ ቀለም ሲደፈርስና ጭራሮ ይዞ ሲመጣ ካያችሁ ውጡ።

ስለ ጨለማም አጭር ቃል። እኛ አገር ፀሐይ ስትጠልቅ ቶሎ ነው የሚጨልመው፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሰጥም። እንጦጦ አካባቢ ማታ ማታ ጅብ ይወጣል። ብቻችሁን አትሂዱ፣ የምትሄዱበትንና የምትመለሱበትን ሰዓት ቤት ላለ ሰው ንገሩ፣ ስልካችሁን ሞልታችሁ ውጡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ነው፤ ከመነሳታችሁ በፊት መዝግቡት።

ድሮ ሰው ከተራራው ምን ይለቅም ነበር?

ብዙ ነገር። ደጋ ያደጉ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ወዲያው ፊታቸው ይበራል።

እረኛ ሙሉ ቀን ከከብት ጋር ውሎ ምሳው ቆሎ ነው። የቀረውን ተራራው ያበላዋል። ቀጋ አለ፤ ነጭ አበባ ያለው የኢትዮጵያ የዱር ጽጌረዳ ነው፣ ፍሬው ሲበስል ወደ ብርቱካንማ ቀይ ይሄዳል። ልጆች ሥጋውን ብቻ ነው የሚበሉት፤ ውስጥ ያለውን ፀጉራም ዘር ጠርገው ይጥሉታል፣ ጉሮሮ ስለሚያሳክክ። ኮሽም አለ፣ ቢጫ፣ ጥርስ የሚያጠርስ ጎምዛዛ። እንጆሪ አለ። ዝቅ ሲሉ ደግሞ ሾላ፣ ዋንዛ፣ ዶቅማ።

አጋም ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሲበስል ጥቁር ይሆናል፣ ይጣፍጣል፤ ቀይ ሳለ አይነካም። እሾሁ ክፉ ነው። «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። ብዙዎቻችን የምናውቀው ስለ ሰው ሲነገር ነው። መጀመሪያ ግን የታየ ነገር ነው፤ የአጋሙ እሾህ ቁልቋሉን ይወጋዋል፣ ቁልቋሉ ነጭ ወተት ያፈስሳል። ያ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያቃጥላል፣ ሊያሳውርም ይችላል። ተረቱን የተረቱ ሰዎች ቁጥቋጦው አጠገብ ቆመው ያዩ ናቸው። ወተቱ ዓይናችሁን ከነካ ሳታሹ ቢያንስ 15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውኃ እጠቡና ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሳማም ይበላል። የኛ ሳማ ሌላ አገር የሌለ ዝርያ ነው። ሲነካ ያቃጥላል፤ ሲበስል ግን ማቃጠሉ ይጠፋል። በጾም ወቅት፣ በተለይም እህል በሚያጥርበት ክረምት፣ ለጋው ቅጠል ተቀቅሎ ወጥ ይሠራል። ብዙ ሰው የችግር ምግብ ነው ብሎ ያፍርበታል፤ ለእኔ የሚያሳፍር አይደለም፣ ብዙ ቤተሰብን ክረምት ያሻገረ ምግብ ነው። ጦስኝን ደግሞ አሁንም ታውቁታላችሁ፤ ከፍ ያለ ደጋ ላይ መሬት ለመሬት የሚሄድ ሽታው ደስ የሚል ቅጠል ነው። በሻይም በሽሮም ይገባል።

ኮሶ ከዚህ ሁሉ ይለያል። ምግብ አይደለም። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው የኮሶ ትል ይይዘዋል፣ የዛፉ አበባ ደግሞ ትሉን ያስወጣል። ትሉም ዛፉም በአንድ ስም የሚጠሩት ለዚህ ነው። ጥንት ሰው በየጥቂት ወሩ ይጠጣው ነበር። መጠኑ ካለፈ ግን መርዝ ነው፣ ዓይንም ይጎዳል። ስለዚህ መጣኙ ሌላ ሰው ነበር፣ የሚያውቅ ሰው። ዛሬ የጤና ጣቢያው ክኒን ይበቃል፤ ኮሶ ቤት ውስጥ መሞከር አያስፈልግም።

ታዲያ ያ ሁሉ እንጦጦ ላይ የት ሄደ?

እዚህ ጋ ነው ጉዞውና ለቀማው የሚገናኙት። እንጦጦ ድሮ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ነበረበት። ከተማው ሲሰፋ ዛፉ ለቤትና ለማገዶ አለቀ። እንጨት በጣም ከመጥፋቱ የተነሳ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ያዳነው ባሕር ዛፍ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከባሕር ማዶ መጣ፣ ስሙም ከዚያ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል።

ግን ባሕር ዛፍ ሥር ቀጋና እንጆሪ እንደ ድሮው አይበቅሉም። ውኃውን ይወስዳል፣ ቅጠሉም ሌላ ተክል እንዳያድግ ያደርጋል። የወደቀው ቅጠል ለማገዶ ሲጠረግ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል፣ ዝናቡ አፈሩን ይሸረሽረዋል፣ ቦይ ይፈጠራል። ቅጠሉ ያልተጠረገበት ቦታ ደግሞ ደረቁ ቅጠልና ልጣጭ ቁልቁለት ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እንጦጦ ላይ ቁርጭምጭሚት የሚወለምባችሁ በአብዛኛው ስትወርዱ፣ ደክሟችሁ፣ ባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ነው። ጥርስ ያለው ጫማ አድርጉ፣ እግራችሁን ወደ ጎን አዙራችሁ እየረገጣችሁ ውረዱ።

ስለዚህ አያት የነገሩን «ተራራ ላይ ያገኘነውን እንበላ ነበር» የሚለው ወሬ እውነት ነው። ግን የእሳቸው ተራራ ነው፣ የእሳቸው ወቅት ነው፣ በእጁ ያሳያቸው ታላቅ ወንድምም ነበራቸው። ያንን ወሬ ብቻ ይዘን ዛሬ እንጦጦ ላይ ፍሬ መቅጠፍ አንችልም።

ለይቼ መልቀም እችላለሁ ብልስ?

ሦስት አራት ተክሎችን ላሳያችሁ።

እንዶድ፦ ትናንሽ ፍሬዎች በዘለላ፣ ሲበስሉ ወደ ቀይ የሚሄዱ። ውኃ ውስጥ ሲታሽ አረፋ ያወጣል፣ እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያጠቡበታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ፤ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል መሆኑ የታወቀው ከዚያ ነው። ለሳሙና የተባረከ፣ ለሆድ ግን መርዝ።

አስተናግር፦ መንገድ ዳርና ቆሻሻ በሚጣልበት የሚበቅል፣ አበባው ነጭ እንደ ጥሩምባ፣ ፍሬው እሾሃማ። ስሙን አስተውሉት። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ብቻውን ያወራል። ስም ያወጡለት ሰዎች ያዩትን ነው የነገሩን።

እምቧይ፦ ክብ ቢጫ ፍሬ፣ ትንሽ ቲማቲም ይመስላል፣ ልጆችን ያታልላል። አይበላም።

እንጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። በጋምቤላ ባለው የመዠንግር ሕዝብ ዘንድ የዱር እንጉዳይ ለይቶ መብላት የቆየ ዕውቀት ነው። በብዙው ደጋ ግን ሰው «የጅብ ጥላ» ብሎ ነው የሚያልፈው፤ ይህ ማለት ደግሞ ከእኛ ብዙዎቹ አስተማሪ የለንም ማለት ነው። «ከብት ከበላው ይበላል»፣ «ከተቀቀለ መርዙ ይጠፋል» የሚሉት ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ገዳዮቹ እንጉዳዮች ያላቸው መርዝ በእሳት አይጠፋም። ከበሉት 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ማስመለስና ተቅማጥ ይጀምራል፤ ከዚያ ይሻላል፤ ሰው ዳንኩ ይላል። ጉበቱ እየጠፋ ያለው ግን ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ የዱር እንጉዳይ ከፎቶ ጋር አስተያይታችሁ አትብሉ፤ የስልክ አፕ የነገራችሁንም አትመኑ።

ሳማን እንኳ ብታውቁት ከከተማው ወንዝ ዳር አትልቀሙ። የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ የሚገባበት ውኃ ያጠጣው ቅጠል ነው። የምንጭ ውኃም ሳይፈላ አይጠጣ።

የበላ ሰው ቢታመምስ?

በግድ አታስመልሱት። አፉን ያጉመጥምጥ፣ ቀሪውን ይትፋ። ምን እንደበላ፣ ስንት ሰዓት እንደበላ ጻፉ። ከተክሉ ቅጠልም ፍሬም ቁራጭ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ሐኪሙ መርዙን የሚለየው በእሱ ነው። እንጉዳይ ከሆነ ምልክት እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ቢሻለውም አትቅሩ።

መማር ለሚፈልግ ሰው ቅርብ ቦታ አለ። ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል የአገራችንን ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ሰብስቦ ይዟል፤ ከመሃል ከተማ ሩቅ አይደለም። እኔ ከዚያ እሑድ በኋላ ከዚያች ጓደኛችን ጋር ሄጄ ነበር። አንዱ ቁጥቋጦ ላይ ቆመን ቅጠሉን፣ እሾሁን፣ የደረቀውን ፍሬ አየን። ቀጋ ነው። አያቷ የሚያወሩላት ቀጋ ይኸው እንደሆነ ያወቀችው ያን ቀን ነው። ስልኳን አውጥታ ለአያቷ ደወለችና «አባባ፣ ውስጡን እንዴት ነበር የምትጠርጉት?» ብላ ጠየቀቻቸው።